ሚስተሩ ስንት ወር ይቆያል?

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የስፖርት ክፍሉ ያቀረበው ንግግር)



የበዓሉ ዝግጅት ኮሚቴ ለስፖርት ክፍሉ ግማሽ ሰዓት ሲሰጠን «ስለ ስፖርትና ስለ ጤና ተናገሩ» ብሎን ነበር። ስለ ጤና የሚናገሩ ከእኛ የተሻሉ ሰዎች በመካከላችን ስላሉ ያንን ለእነሱ ትተን፣ እሑድ እሑድ በፒኜቶ ቡና ቤቶች ስንከራከርበት የኖርነውን ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ጉዳዩም የእግር ኳስ አሰልጣኞች የሥራ ዘመን ማጠርና ከዚያው ጋር ተያይዞ የሚነሳው የታማኝነት ጥያቄ ነው። ኳስ የማትወዱ እናቶችና እህቶች ጥቂት ታገሡን፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እናንተም ቤት መግባቱ አይቀርም። ዓመቶቹን የምንጠራው እዚህ አገር እንደለመድነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እንደምታስታውሱት 2024 ለሮማ ደጋፊ የጉድ ዓመት ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ሰዎች በአንድ ወንበር ተቀመጡበት። በጥር ወር ጆዜ ሞሪንሆ ተሰናበተ፤ በ2022 ቲራና ላይ የኮንፈረንስ ሊግን ዋንጫ ለሮማ ያስገኘው ሰው ማለት ነው። በዚያው ዕለት ዳኒኤሌ ዴ ሮሲ ተተካ። በመስከረም ዴ ሮሲ ተሰናብቶ ኢቫን ዩሪች መጣ፤ ዩሪችም ሁለት ወር ሳይሞላው በኅዳር ተሸኘ። ከዚያም በ73 ዓመቱ፣ ከአሰልጣኝነት ጡረታ ወጥቻለሁ ብሎ የነበረው ክላውዲዮ ራኒየሪ ከቤቱ ተጠርቶ መጣ።

ከእነዚህ ሁሉ ሰፈራችንን ያስለቀሰው የዴ ሮሲ ነገር ነው። የኦስትያ ልጅ ነው። ለሮማ 18 የውድድር ዘመን ተጫውቶ 616 ጊዜ ማልያውን ለብሷል። ሌላ ክለብ ብዙ ገንዘብ ሊሰጠው ሲችል እዚሁ የቀረ ሰው ነው። አሰልጣኝ ሲሆንም ዘጠነኛ የነበረውን ቡድን ተረክቦ ስድስተኛ አድርጎ ጨረሰ፤ በዩሮፓ ሊግም እስከ ግማሽ ፍጻሜ ወሰደው። ለዚህም በሰኔ ወር የሦስት ዓመት ውል ተፈረመለት። በሰኔ የሦስት ዓመት ውል የተፈረመለት ሰው በመስከረም፣ አራት የሊግ ጨዋታ ብቻ ከተደረገ በኋላ ተሰናበተ። ሦስቱ አቻ፣ አንዱ ሽንፈት ነበር። ደጋፊው በቁጣ ተነሣ፤ የክለቡ ዋና ሥራ አስኪያጅም በቀናት ውስጥ ሥልጣኗን ለቀቀች።

ያን ሰሞን በየቡና ቤቱ «ታማኝነት ከኳስ ጠፍቷል» የማይል ሰው አልነበረም። እኛ ግን የማን ታማኝነት ነው የጠፋው ብለን መጠየቅ እንፈልጋለን። የደጋፊው አልጠፋም። በሰፈራችን በ1961 «አካቶኔ» የተባለውን ፊልም የሠራው ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒ ቦሎኛ ተወልዶ፣ ከ1950 ጀምሮ እስከ ሞቱ ሮም ኖረ። ሮምን የሚያህል ከተማ በመጽሐፍና በፊልም ሲያሳይ ኖሮ ኳስ ላይ ሲደርስ ግን እስከ መጨረሻው የቦሎኛ ደጋፊ ነበር። ከእኛም መካከል ሮም ውስጥ 30 ዓመት ኖረው የቅዱስ ጊዮርጊስንና የኢትዮጵያ ቡናን ውጤት ሳይሰሙ የማያድሩ እንዳሉ እናውቃለን፤ ጠረጴዛ እስከ መደብደብም ይደርሳሉ። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን የደጋፊ ታማኝነት ርካሽ መሆኑንም አንርሳ። ደጋፊን ማን ያሰናብተዋል? ደመወዙን ማን ይቆርጥበታል? ታማኝነት የሚፈተነው ሁለት ሰዎች ውል ሲዋዋሉና አንዱ የሌላውን እንጀራ በእጁ ሲይዝ ነው።

ጣሊያኖች የአሰልጣኝን ስንብት «ኤዞኔሮ» ይሉታል። ትርጉሙ ከሥራ ግዴታ ነጻ ማድረግ እንደ ማለት ነው። ሰውየው ከወንበሩ ይነሣል፣ ውሉ ግን አይፈርስም። ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ወይም ከክለቡ ጋር በስምምነት እስኪለያይ ድረስ፣ ያም ባይሆን ዘመኑ እስኪያልቅ ድረስ ደመወዙ ይከፈለዋል። በዚህም የተነሣ አንዳንድ ክለብ ያባረረውን መልሶ ሲጠራ እናያለን፤ እየተከፈለው ቤቱ የተቀመጠ ሰው ስላለ ማለት ነው። የፓሌርሞው ባለቤት ማውሪዚዮ ዛምፓሪኒ በዚህ ስሙን ያስጠራ ሰው ነበር። በ2022 ከዚህ ዓለም በሞት እስኪለይ ድረስ ጋዜጦች «ማንጃአሌናቶሪ» ማለትም አሰልጣኝ በላ እያሉ ይጠሩት ነበር። በ2015–16 የውድድር ዘመን ብቻ ያኪኒንና ባላርዲኒን ሁለቱንም አባሮ ሁለቱንም መልሶ ጠርቷቸዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው የአገራችን ተረት እንደዚህ ልክ የሚገባበት ቦታ አላየንም።

እዚህ ላይ ለእህቶቻችን አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ሮም ውስጥ በየቤቱ ሽማግሌና አሮጊት የሚጦሩ እህቶቻችን ሥራ ሲቀጠሩ መጀመሪያ የሚጠየቁት ምንድን ነው? «ፔርሶና ዲ ፊዱቺያ» መሆናቸው፣ ማለት የሚታመኑ ሰው መሆናቸው ነው። እነሱም ይታመናሉ። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ከአንድ ቤት ሳይወጡ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ብቻ እያረፉ፣ የሰው እናት እንደ እናታቸው ይዘው ይኖራሉ። ሲኞራዋ ሲያርፉ ሥራውም ማደሪያውም በአንድ ቀን ያበቃል። የማስጠንቀቂያው ጊዜ አጭር ነው፣ ሊኩዊዳሲዮኔው ተቆጥሮ ይሰጣል፣ ሻንጣ ይታሰራል። ሚስተሩ ተሰናብቶ ሁለት ዓመት እየተከፈለው ባሕር ዳር ሲዝናና ለእሱ የምናለቅስ ሰዎች ለእህቶቻችን ስንት ጊዜ አለቀስን? እንዲህ ያለውን ኤዞኔሮ ያገኘች እህት ካለች እጅዋን ታውጣ፤ ለበዓሉ አንድ በግ ታዋጣለች!

ወደ ነገራችን እንመለስ። አሰልጣኝ ቶሎ ቶሎ መለወጥ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ በስሜት ብቻ ይካሄዳል። እኛ የምናቀርብላችሁ የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ሰውየው ጃን ፒየሮ ጋስፔሪኒ ነው።

በ2011 ክረምት ኢንተር ቀጠረው። ኢንተር ከአንድ ዓመት በፊት አውሮፓን ያሸነፈ ታላቅ ክለብ ነው። ጋስፔሪኒ አምስት ይፋዊ ጨዋታ አደረገ፤ አራቱን ተሸነፈ፣ አንዱን አቻ ወጣ። አራተኛው ሽንፈት የመጣው ያን ዓመት ወደ ሴሪ ኣ ባደገው ኖቫራ እጅ ስለ ነበር ውርደት ተባለ፣ በማግሥቱም ተሰናበተ። «ይህ ሰው ለትልቅ ክለብ አይሆንም» የሚለው ወሬ ለዓመታት ተከተለው።

በ2016 ደግሞ የቤርጋሞው አታላንታ ቀጠረው። በመጀመሪያዎቹ አምስት የሊግ ጨዋታዎች አራቱን ተሸነፈ፣ አንዱን አሸነፈ። ልብ በሉ፤ አምስት ጨዋታና አራት ሽንፈት፣ ቁጥሩ ያው ነው። ጋዜጣው ሊሰናበት ነው ብሎ ጻፈ። የክለቡ ፕሬዚዳንት አንቶኒዮ ፔርካሲ ግን አላሰናበተውም። ወጣቶቹን ማሰለፉን ቀጠለ፣ ቡድኑ ክሮቶኔን አሸነፈ፣ ናፖሊን አሸነፈ፣ የውድድር ዘመኑንም አራተኛ ሆኖ ፈጸመ። ጋስፔሪኒ ቤርጋሞ ላይ 9 ዓመት ቆየ። በግንቦት 2024 ደብሊን ላይ ባየር ሌቨርኩሰንን 3 ለ 0 አሸንፎ የዩሮፓ ሊግን ዋንጫ አነሣ። ከዚያም በ2025 ወደ እኛው ሮማ መጣ።

ሰውየው ያው ነው፤ አጨዋወቱም ሦስት ተከላካይ ያለበት ያው አጨዋወት ነው። አጀማመሩ እንኳ አልተለየም። የተለየው የቀጠሩት ሰዎች ትዕግሥት ነው። እኛ ስለ አሰልጣኝ ታማኝነት ሲነሣ ይህን ታሪክ ደጋግመን የምናነሣው ስለዚህ ነው። ዘጠኝ ዓመት በመቆየቱ ታማኝ ተባለ፤ ዘጠኙን ዓመት የሰጠው ግን አምስተኛው ሳምንት ላይ ስልኩን ያላነሣው ፕሬዚዳንት ነው። ሚላን ላይ ታማኝ ለመሆን ጊዜ አላገኘም።

ተቃራኒውን ማስረጃ እንደደበቅን እንዳይቆጠርብን ራኒየሪን እናንሣ። ሮማን ሲረከብ ቡድኑ 12ኛ ነበር፤ አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ስለዚህ መለወጥ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል። ይሁን እንጂ የመጣው ሰው ማን እንደ ሆነ እንይ። የሮም ተወላጅ፣ በልጅነቱ በዚሁ ክለብ የተጫወተ፣ ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ቡድኑን ያሰለጠነ ሰው ነው። ቤቱን የሚያውቅ ሰው በጨለማም መብራቱን አይስትም። ይኸው ሰው በ2016 ሌስተር ሲቲን የእንግሊዝ ሻምፒዮን አድርጎ አሥር ወር ሳይቆይ መሰናበቱንም አንርሳ። ማንም ያላሰበውን ዋንጫ ያመጣ ሰው አሥር ወር ካልተሰጠው ሌላው ምን ይጠብቃል?

አሁን ወደ አገራችን እንሻገር፤ ለእኛ ጉዳዩ የሚያመው እዚያ ነውና።

የኢትዮጵያ እግር ኳስ የተገነባው ረጅም ጊዜ በቆዩ ሰዎች ነው። ይድነቃቸው ተሰማ በ1935 የተመሠረተውን ቅዱስ ጊዮርጊስን ከልጅነታቸው ጀምረው 23 ዓመት ተጫወቱለት። በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ምሥረታ ላይ ነበሩበት፤ ከ1972 እስከ ዕለተ ሞታቸው 1987 ድረስም በፕሬዚዳንትነት መሩት። በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ ቡድኑን ይመሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው። እስከ ዛሬ ያለን ዋንጫ ያ አንዱ ነው።

የዚያ ቡድን አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ እዚሁ ሮም መኖሩን ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አስመራ ላይ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ። ክልስነቱ በሁለቱም ወገን ሲያስጠላው የኖረ ሰው ነበር። በስፖርት ሰዎች ዘንድ ሲነገር እንደኖረው፣ በዚያ የፍጻሜ ጨዋታ ሰሞን ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የሚቀበለው የጣሊያን ስም ያለው ሰው መሆን የለበትም ያሉ ባለ ሥልጣኖች ነበሩ። ይድነቃቸው አምበሌን አልቀይርም ብለው ጸኑ ይባላል። የሆነው ግን በምስል የሚታይ ነው፤ ሉቻኖ አንዷን ግብ፣ ወንድሙ ኢታሎ ሌላዋን አስቆጠሩ፤ ዋንጫውንም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ነው። ሉቻኖ ብሔራዊ ቡድኑን በአሰልጣኝነትም አገልግሏል። በደርግ ዘመን አገሩን ጥሎ ወጥቶ ቀሪ ዕድሜውን በጣሊያን አሳለፈ፤ በመስከረም 2022 በ87 ዓመቱ በዚሁ በሮም አረፈ። አለቃ ለተጫዋቹ ታማኝ ሲሆን ተጫዋቹ ምን እንደሚመልስ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለንም።

ከዚያ ዘመን ወደ ቅርቡ እንምጣ። ከ1982 የሊቢያው ውድድር በኋላ ለ31 ዓመት የአፍሪካን ዋንጫ በቴሌቪዥን ብቻ ስናይ ኖርን። በጥቅምት 2012 ዋልያዎቹ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ሮም ውስጥ ያልጨፈረ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበሩ። ከሦስት ወር በኋላ ቡድኑ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ከወቅቱ ሻምፒዮን ከዛምቢያ ጋር አቻ ወጣ። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ የመጨረሻው ማጣሪያ ላይ ደረሰ። ናይጄርያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ አስቀረችን እንጂ ሁለት ጨዋታ ነበር የቀረን። ይህ ኅዳር 2013 ነው። በጥር 2014 ቡድኑ በአገር ውስጥ ተጫዋቾች የአፍሪካ ሻምፒዮና ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈ። በየካቲት ሰውነት ተሰናበቱ። ከዓለም ዋንጫ ደጃፍ እስከ ስንብት ሦስት ወር ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት እንቁጠረው። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ከ2014 እስከ 2015። ዮሐንስ ሳህሌ ከ2015 እስከ 2016፤ አልጄርያ 7 ለ 1 ካሸነፈችን በኋላ ብዙ አልቆዩም። ገብረመድኅን ኃይሌ በ2016። አሸናፊ በቀለ በ2017። አብርሃም መብራቱ ከ2018 እስከ 2020። ከዚያ ውበቱ አባተ። ከሰውነት እስከ ውበቱ ድረስ ባለው ስድስት ዓመት ተኩል ውስጥ አምስት አሰልጣኝ ማለት ነው፤ በመካከል ለጊዜው የያዙትን ሳንቆጥር። ከእነዚህ አምስቱ አንዱም ለአፍሪካ ዋንጫ አላበቃንም። ችሎታ ስለሌላቸው ነው የሚል ካለ አንስማማም። ገብረመድኅን ኃይሌ በ2018 ገና ያደገውን ጅማ አባ ጅፋርን፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ መቐለ 70 እንደርታን ሻምፒዮን ያደረጉ ሰው ናቸው። ችሎታ ያለውን ሰው በየዓመቱ እየቀየሩ ማጣሪያ ሲደርስ መጥራት፣ ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ነው።

ውበቱ ከተመደቡበት ከ2020 ጀምሮ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቆዩ። ይህ በእኛ አገር ሚዛን ረጅም ነው። ውጤቱም ታየ። በጥር 2022 ካሜሩን ላይ ከስምንት ዓመት በላይ ያላየነውን የአፍሪካ ዋንጫ አየን። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ፤ ያውም በማላዊ፣ አገራችን ደረጃውን ያሟላ ስታዲዮም ስላልነበራት «በሜዳችን» የምንለው ጨዋታ ሰው አገር ነበር የሚደረገው። ቡድኑ ከኋላ በአጭር ቅብብል ሲጫወት ያየ ሰው ይህ በሁለት ሳምንት ልምምድ የሚመጣ እንዳልሆነ ያውቃል። በ2023 ከጊኒ ጋር ሁለት ጊዜ ተሸንፈው እሳቸውም ተለያዩ።

በክለብ ደረጃ ችግሩ የባሰ ነው። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር፣ በባንክ፣ በመከላከያና በመሳሰሉት ነው። በጀቱ በየዓመቱ ስለሚጸድቅ የአሰልጣኙም ውል ከበጀቱ ጋር አብሮ ይታሰባል። አስተዳደሩ ሲቀየር አሰልጣኙም ይቀየራል። በዚህ ሁኔታ አንድ አሰልጣኝ የ15 ዓመት ልጅ አሳድጎ ለ20 ዓመቱ ያበቃል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ምኞት ነው። ለራሱ የሚያስብ አሰልጣኝ ዛሬ የሚያሸንፍለትን የ30 ዓመት ተጫዋች ያሰልፋል፤ ልንፈርድበትም አንችልም።

ለአሰልጣኞች ጥብቅና ብቻ እንደቆምን ግን እንዳይመስላችሁ። እነሱም ይሄዳሉ። ገብረመድኅን ጅማን ሻምፒዮን አድርገው በማግሥቱ መቐለ ነበሩ። ፋቢዮ ካፔሎ በ2001 ለሮማ የሊግ ዋንጫ ያመጣ ሰው ሆኖ፣ ወደ ዩቬንቱስ አልሄድም ሲል ቆይቶ በ2004 ወደ ዩቬንቱስ ሄደ። ሰፈራችን ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላለውም። በእሱ እግር የተተካው ቼዛሬ ፕራንዴሊ ደግሞ ሊጉ ሳይጀመር ሥራውን ለቀቀ። ያን ዓመት ሮማ ከሩዲ ፎለር ወደ ዴልኔሪ፣ ከዴልኔሪ ወደ ብሩኖ ኮንቲ ሲዞር ከረመ። በቁጥር ብቻ ካየነው የፕራንዴሊ ዘመን ከሁሉ ያጠረ ነው። የለቀቀበት ምክንያት ግን የባለቤቱ ሕመም ነበር፤ አስታምሟት በ2007 ቀበራት። እዚህ ውስጥ ያለነው ሁሉ አገር ቤት የታመመ ወላጅ ትተን የመጣን ሰዎች ስለሆንን ስለ እሱ ብዙ መናገር አያስፈልገንም። ሰው ለሁለት ነገር ታማኝ ሆኖ አንዱን የሚመርጥበት ቀን ይመጣል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያነሣንበት ዋና ምክንያት ላይ ደረስን። የማኅበራችን የልጆች ቡድን ባለፈው ጸደይ በተከታታይ ተሸንፏል፤ ይህ የታወቀ ነው። አንዳንድ ወላጆች አሰልጣኙ ይቀየር፣ ፓተንቲኖ ያለው ጣሊያናዊ አሰልጣኝ በክፍያ ይቀጠር የሚል ሐሳብ ለሥራ አስፈጻሚው አቅርበዋል። ሐሳቡ የቀረበው በቅን ልቡና እንደ ሆነ እናምናለን፤ ልጁ ሲያሸንፍ ማየት የማይፈልግ ወላጅ የለም።

የስፖርት ክፍሉ አቋም ግን የተለየ ነው። አሁን ያለው ወንድማችን ያለ ክፍያ፣ ከሥራው ወጥቶ በሜትሮ ሲ እየመጣ ያሰለጥናል። ልጆቹ ሜዳ ላይ እንደ ጣሊያኖቹ «ሚስተር» ይሉታል፤ ከመስመሩ ሲወጡ «ጋሼ» ይሉታል። ጣሊያንኛ ብቻ ይመልሱ የነበሩ ልጆች ኳስ ስጠኝ፣ ወደ ኋላ ተመለስ፣ አይዞህ የሚሉትን በአማርኛ የለመዱት ከእሱ ነው። ይህ በነጥብ ሰንጠረዥ ላይ አይጻፍም። የተሸነፉባቸው ቡድኖች ልጆች ደግሞ ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ አብረው የተጫወቱ ናቸው፤ የእኛዎቹ አብረው ከሆኑ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። ለአሰልጣኙ ሦስት ዓመት ይሰጠው፤ ይህም በጽሑፍ ይሁን። በውድድር ዘመን መካከል ስለ መቀየር አይነሣ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ወላጆችና ስፖርት ክፍሉ ተቀምጠን እንገምግም፤ ስንገመግምም ስንት ጨዋታ እንዳሸነፈ ብቻ ሳይሆን በመስከረም ከተመዘገቡት ልጆች ስንቶቹ እስከ ሰኔ እንደቆዩ እንቁጠር። የፓተንቲኖው ነገር ትክክል ነው፤ ስለዚህ በኮርሱ ክፍያ ማኅበሩ ይርዳውና ወንድማችን ራሱ ይማር። ከውጭ ለሚቀጠር ሰው የአንድ ዓመት ደመወዝ ከመክፈል ይህ ይረክሳል፤ ዕውቀቱም እዚሁ ይቀራል። እሱም በበኩሉ ሦስቱን ዓመት እንዳያቋርጥ፣ የሥራው ፈረቃ ቢቀየርበት ወይም ቤተሰቡ ቢቸገር ደግሞ አስቀድሞ እንዲነግረንና ተተኪውን አብሮን እንዲያዘጋጅ ጠይቀነው እሺ ብሏል።

ይህ ሐሳብ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ለድምፅ ይቀርባል። የሚቃወሙን ወላጆች ከአሁኑ እንዲዘጋጁ እንጋብዛለን፤ ክርክሩን አንፈራውም። የሚደግፉን ደግሞ እጃቸውን ከማውጣት በተጨማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ በ10 ሰዓት ልጆቹን ወደ ሜዳው የሚያደርስ መኪና ያለው ሰው ስለሚያስፈልገን ስማቸውን በበሩ አጠገብ ባለው መዝገብ ላይ እንዲያስመዘግቡ እንጠይቃለን።